የኸይራ ሱቅ በር

ስለ ኸይራ ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ቁጡ ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ከመኪናህ ሞተር ቀድመህ ነው የምትግለው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኸይራን ለዓመታት ያኮረፍኳትና በየሻይ ቤቱ ያማኋት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ነው። ዛሬ ስሟን በክፉ የሚያነሳ ሰው ቢገኝ ግን መጀመሪያ የሚጋጨው ከእኔ ከኢብሳ ጋር ነው።

ኸይራ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። ሱቋ የቆርቆሮ ነው። ስትገባ መጀመሪያ የናፍጣና የግራሶ ሽታ ይቀበልሃል፤ ቀጥሎ ከጣሪያው የተንጠለጠለው የሞተር ቀበቶ አናትህን ይነካሃል። ኩሽኔታው በወተት ዱቄት ጣሳ፣ የፍሬን ሸራው በሙዝ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ባሌስትራው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አንዱም ዕቃ ላይ ስም አልተጻፈም። የቱ የየትኛው መኪና እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ሕግ አላት፤ እኔንና እሷን ያጣላንም እሱ ነው። አሮጌውን ዕቃ ፈትተህ ካላመጣህ ምትኩን አትሸጥልህም። ያመጣኸውን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጠውና በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ከዚያ ምትኩን ከጎኑ አድርጋ ቀዳዳውን ከቀዳዳው፣ ጥርሱን ከጥርሱ እያስተያየች በጣቷ ትቆጥራለች። የቸኮለ ሰው ፊት ይህን ስታደርግ ሰውየው በንዴት ሊፈነዳ ይደርሳል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብታሳያት ቀና ብላ አታይልህም። «ስልክ ሁሉን ነገር ያሳምራል» ትላለች።

እሷም እንደኔው በስደት ነው የመጣችው፤ እኔ ከሻሸመኔ፣ እሷ ከሮቤ። በመጠለያ ጣቢያ ሳለች የተበላሸ የውሃ ፓምፕ የሚጠግን አብዱራሺድ የሚባል ዝምተኛ ወጣት አገባች። ሞያሌ ሲገቡ የነበራቸው አንድ ፍራሽና አንድ የመፍቻ ሳጥን ነበር። እሱ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ ደህናውን እየፈታ መሸጥ ጀመረ፤ እሷ ዕቃውን እያጠበች ትደረድር ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የዛሬ ሰባት ዓመት አብዱራሺድ ድንገት ሞተ። ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሱቁን በስንት እንደምትሸጥ ጠየቃት። እሷ ግን ሐዘኗን ስትጨርስ እጅጌዋን ሰብስባ ብረት መለየት ያዘች። ያኔ ከሳቁባት ሾፌሮች አንዱ እኔ ነኝ። «ሴትዮዋ ፍሪሲዮንና የሻይ ሰሃን መለየት ትችል ይሆን?» ብዬ ብዙ ሰው አስቄያለሁ። ያንን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይሞቃል።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር የሱቋ በር ነበር። ሞያሌ ነፋስ አለ፤ የቆርቆሮ በር ካልተያዘ ቀኑን ሙሉ ሲጋጭ ይውላል። ኸይራ በሯን የምታስይዘው በጆንያ ጨርቅ ተሸፍኖ ዙሪያውን በሲባጎ በተሰፋ ከባድ ብረት ነው። ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስገባ ሁልጊዜ የእግሬን ጣት ይመታኛል። እኔ ስራገም እሷ ቀና ሳትል «ቀስ በል፣ እሱ ቀድሞህ ነው የመጣው» ትለኛለች።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚሁ በኬንያ በኩል ካለው ከኦቦ ገጠር የግመል ወተት ወደ ሞያሌ የማመላልሰው በአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። መኪናው ከጃፓን ተነስቶ በሞምባሳ ወደብ የገባ፣ በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን የሚበልጥ ነው። ልጆቼ የተማሩት በእሱ ነው፤ ቤቴ የተሠራው በእሱ ነው። ወተቱ ከናይሮቢው አውቶቡስ መነሻ በፊት ካልደረሰ ይበላሻል፤ ስለዚህ መኪናው አይታመምም፣ እኔም አልታመምም። ደንባችን ይህ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከኦቦ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ መሪውን ግማሽ ዙር አዞርኩት፤ ጎማው ግን አልሰማኝም። እንደገና አዞርኩ፤ ዘግይቶ ታዘዘ። ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው የወተት ሴቶቹ አለቃ ጡሪ የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ «ኢብሳ፣ ጋሪህ ሰክሯል እንዴ?» አለችኝ። በሰው እርምጃ ፍጥነት ሞያሌ ገባን። አውቶቡሱ ሄዷል፤ የዚያን ቀን ወተት ከሰረ።

መካኒኬ ሁካ ከሥር ገብቶ ቆየና ፊቱን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«የመሪው ሳጥን ተሰንጥቋል» አለኝ። «መሪህን ስታዞር ጎማውን የሚያዞረው እሱ ነው። ውስጡም ጥርሱ አልቋል።»

«በየደው።»

«ፍሬንህን ብትለኝ እበይድልሃለሁ። ይሄን ግን አልነካም። ሴቶቹን ገደል ይዘሃቸው ልትገባ ነው?»

ጡሪ ይህን ሁሉ ቆማ ሰምታለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትናገርም መሬት መሬት እያየች ነበር።

«ሦስት ቀን እንችለዋለን» አለች። «ወተቱን ለጎረቤት እንሰጣለን፣ የቀረውን እናረጋዋለን። ሰኞ ጠዋት ካልመጣህ ግን ለዚያ ለአዲሱ መኪና እንሰጣለን። ሰውየው ሁለት ጊዜ ጠይቆናል። እኔ ብቻዬን ብሆን እጠብቅህ ነበር፤ ከኋላዬ ግን ሃያ ሴት አለ።»

መስመሩ አንዴ ከእጄ ከወጣ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ያለ ኦቦ መስመር ደግሞ ያ መኪና የቆመ ብረት ነው፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ከመንዳት ሌላ ሙያ የሌለኝ ሰው ነኝ።

በቀጥታ ኸይራ ሱቅ ሄድኩ። የበሩ ብረት ጣቴን መታኝ። ተራገምኩ።

«የላንድክሩዘር የመሪ ሳጥን አለሽ?»

«አሮጌው የታለ?»

«አልተፈታም። አሥራ አንድ ዓመት የነዳሁት መኪና ነው፤ እኔ አላውቀውም?»

«አንተማ ታውቀዋለህ። እኔ ነኝ የማላውቀው። ፈትተህ አምጣው።»

«እህቴ፣ ጊዜ የለኝም። ካለ አለ በይ፣ ከሌለ የለም በይ።»

ዓይኗ በእኔ በኩል አልፎ ወደ በሩ ሄደ፤ ያኔ የመሰለኝ ውጣልኝ የምትል ነው። «የምሸጠው የለኝም» አለች። «አሮጌውን ካመጣኸው ናይሮቢ ልኬ አስፈልግልሃለሁ። አሥር ቀን ይፈጃል።»

አሥር ቀን ስትል ደሜ ፈላ። ስለ ሕጓ፣ ስለ ጣቷ ቆጠራ፣ ስለ ሱቋ ያልተናገርኩት የለም። ስለ አብዱራሺድም «እሱ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አያደርገኝም ነበር» አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ስወጣ በሩን የያዘውን ብረት ሆን ብዬ በተረከዜ መታሁት፤ ያመመው ግን እኔን ነው። ከኋላዬ «ፖሌ» ስትለኝ ሰማሁ፤ በስዋሂሊ አይዞህ ማለት ነው።

አርብ ጠዋት በኢትዮጵያ በኩል ወዳለችው ሞያሌ ተሻገርኩ። በእግር የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ለዓመታት የተመላለስኩበት መንገድ ነው። ከኬላው ወዲያ ሞተር ብስክሌት ያዝኩ። ልጁ እንደ አገሩ ደንብ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ይዞ ይበራል፤ እኔ ከኋላው የኸይራን ፊት እያሰብኩ በልቤ እከራከራለሁ።

አንድ የተፈታታ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ነገሩኝ። ስገባ ዓይኔን አላመንኩም። የእኔው መኪና ወንድም፣ ያው ሞዴል፣ ያው ዘመን፣ ቀለሙ ሳይቀር ያው፣ ከፊቱ ተጋጭቶ ተቀምጧል። የመሪው ሳጥን ተፈትቶ መሬት ላይ አለ፤ ስንጥቅ የለውም፣ ጥርሱ እንደ አዲስ ነው። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ በናፍጣ አጥቦ በጆንያ አሰረልኝ። የምከፍለውን ከፈልኩ። ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ስመለስ ቀረጥ ላይ ያሉትን ሁሉ በፈገግታ ሰላም አልኳቸው። አሥር ቀን ያለችኝ ሴት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም እያልኩ ነበር።

ሁካ አሮጌውን ፈትቶ ጠበቀኝ። ያመጣሁትን ተቀብሎ ከሥር ገባ። ወጣና ዕቃውን ገልብጦ አየው፤ እንደገና ገባ። ከዚያ መኪናውን ዞሮ በሌላው ጎን፣ ጡሪ በምትቀመጥበት በኩል፣ ከሻሲው ጋር አስጠጋው።

«እዚህ ልክ ይገባል» አለኝ።

«እዚያ ምን ያደርጋል?»

«እኔም እሱን ልጠይቅህ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የምትነዳው ጡሪ ናት?»

ያኔ ገባኝ። ከኬላው ወዲያ መኪናው በቀኝ ይሄዳል፤ መሪው በግራ ነው። ከኬላው ወዲህ በግራ እንሄዳለን፤ የእኛ መሪ በቀኝ ነው። ሳጥኑም እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አለው። ይህን ሞያሌ ውስጥ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ሃያ ዓመት በሁለቱም በኩል የነዳሁ ሰው፣ ንዴት ዓይኔን ሸፍኖት፣ የግራ መሪ ዕቃ ታቅፌ ድንበር ተሻገርኩ። አሮጌውን ፈትቼ ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አንድ እይታ ይበቃኝ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁካ መሳቅ ፈልጎ ፊቴን ሲያይ ተወው። «ኸይራ ጋ ሂድ» አለኝ። «ምንም ባታገኝ እንኳ ይቅርታ ትጠይቃታለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ሳጥኖች በአንድ ከረጢት ተሸክሜ ሄድኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የበሩን ብረት ተጠንቅቄ አለፍኩት። አሮጌውንና ያመጣሁትን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና፣ «ሐሙስ ዕለት ስለ አብዱራሺድ የተናገርኩት ከቀለለ አፍ የወጣ ነው። ይቅር በይኝ» አልኩ።

ኸይራ ጨርቋን አንስታ እንደ ልማዷ ወለወለች። የአሮጌውን ክንድ በጣቷ ተከተለች፤ የአዲሱን ተከተለች። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ያያል። እጇ ቆመ። ስትስቅብኝ ልሰማ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቀና ስትል ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ከማዶ ነው ያመጣኸው?»

«ከማዶ።»

«እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ስህተት የሠሩ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች። «አንዱ አንተ ነህ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ሱቁ በተከፈተ በመጀመሪያው ዓመት ከማዶ አንድ ሾፌር መጥቶ ለላንድክሩዘር የመሪ ሳጥን አዘዘ። አብዱራሺድ የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዙ ነበርና እንቅልፍ አጥቶ ከሞምባሳ አዲስ አስመጣ፤ ከነወረቀቱ፣ ከነዘይቱ። ሾፌሩ መጣ፣ አየው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የመጣው የቀኝ መሪ ነበር። ከተማው ሁሉ አብዱራሺድን «ኩሊያ» እያለ ጠራው፤ በስዋሂሊ ቀኝ ማለት ነው። እስኪሞት ድረስ ያ ስም አልለቀቀውም፤ እኔም በዚያ ስም ጠርቼዋለሁ፣ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም ነበር። አሮጌውን ሳያይ ላለመሸጥ የማለው ያን ቀን ነው። ሳጥኑን ግን ለማንም አልሸጠውም፤ ስገባም ስወጣም እያየሁት እንዳልረሳ ብሎ በሩ ሥር አደረገው።

«ሲሞትብኝ ላየውም አልቻልኩም፣ ልሸጠውም አልቻልኩም» አለች። «ስለዚህ በጆንያ ሰፋሁት።»

ወደ በሩ ዞርኩ። ሰባት ዓመት ስረግመው፣ ስመታው፣ ስሰናከልበት የኖርኩት ብረት እዚያው ተቀምጧል።

«አንሳው» አለችኝ።

«ኸይራ፣ እኔ ይህን አልወስድም።»

«አንሳው አልኩህ እኮ።»

ሳነሳው ነፋሱ በሩን ደረገመውና ሱቁ ጨለመ። መብራት አበራች። ሲባጎውን ምላጭ ይዛ በጣጠሰችው፤ ጆንያው ሲወልቅ ከውስጡ የደረቀ ዘይት የለበሰ፣ መንገድ ረግጦ የማያውቅ የመሪ ሳጥን ወጣ። ከእኔ አሮጌ ጎን አስቀመጠችው። ቀዳዳውን ከቀዳዳው ቆጠረች። ሁሉም ገጠመ። በዚያ ሁሉ ዓመት የሚደርቀው የዘይት መያዣው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱንም ከጣሳ ውስጥ አውጥታ በገዛ እጇ ቀየረችልኝ። ጣቶቿ እንዴት እንደሚሠሩ ያን ቀን አየሁ። ፍሪሲዮንና ሰሃን ብዬ የቀለድኩባት ሴት ናት።

«ሐሙስ ዕለት አሮጌውን ይዤ ብመጣ ኖሮ ትሰጪኝ ነበር?» ስል ጠየቅኋት።

እጇን ሳታቆም አሰበች። «ልዋሽህ አልፈልግም። ብዙ ሰው ጠይቆኝ የለኝም ብያለሁ። ዛሬ ግን የእሱን ስህተት ታቅፈህ፣ እሱ ያን ቀን የነበረውን ፊት ይዘህ ገባህ። እንዴት እምቢ እልሃለሁ?»

ክፍያ ጠየቅኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ወደ ግራው መሪ ሳጥን ጠቆመች። «ያንን ተውልኝ። በሬን ምን ይይዝልኛል?»

እሑድ ሁካ ገጠመው። ሰኞ ገና ፀሐይ ስትወጣ ኦቦ ነበርኩ፤ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ደርድረው ቆመዋል። ጡሪ ከጎኔ ወጥታ ተቀመጠችና መሪውን አየት አድርጋ፣ «ተሻለው?» አለችኝ። «ተሻለው» አልኳት። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ መሪውን በጣት ጫፍ አዞርኩት፤ ጎማው ሳልጨርስ ታዘዘ። አፍ አውጥቼ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቀጥዬም የአብዱራሺድን ስም ጠርቼ መረቅሁት። ጡሪ ዞር ብላ አየችኝ እንጂ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ለኸይራ አንድ ጠርሙስ ወተት አደርሳለሁ። አትፈልግም፣ እኔ ደግሞ አልሰማም። ወሬው ከሁካ አፍ ወጥቶ ስለነበር ከተማው እኔንም ስም አወጣልኝ። «ኢብሳ ኩሾቶ» ይሉኛል፤ ግራው ኢብሳ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ቢሆን በጡጫ የምመልሰው ነገር ነው። አሁን አቤት እላለሁ።

አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ሰኞ ወተቷን ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው ወደ ሱቁ ገባ፤ ጣቱን መታውና እንደኔ ተራገመ። ታዲቻ ይባላል፤ ከማዶ ነው የመጣው። በኢትዮጵያ በኩል ገጠር ለገጠር ሰው በላንድክሩዘር የሚያመላልስ ሾፌር ነው። አሮጌ የመሪ ሳጥን በጨርቅ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሟል። ተሳፋሪዎቹ ከነፍየላቸው መንገድ ላይ ቀርተው እየጠበቁት ነው፤ ማዶ ሁለት ቀን ፈልጎ አጥቷል። ኸይራ ወለወለችው፣ ክንዱን በጣቷ ተከተለች። የግራ መሪ ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የበሩ ያንተ ነው፣ ኢብሳ» አለች። «ምን ትላለህ?»

እውነቱን ለመናገር ያንን ብረት ወድጄው ነበር። ስገባ ሳየው ራሴን እታዘባለሁ፣ ቁጣዬም ትንሽ ይበርዳል። ግን ሰውየው በሁለት እጁ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዞ ቆሟል፤ ያን ፊት ከውስጥ አውቀዋለሁ። ተነስቼ ራሴ አነሳሁትና ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት።

በሩ ተደረገመ፤ ሱቁ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ ኸይራ ስትስቅ ሰማኋት። ከአብዱራሺድ ሞት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

«በቃ፣ ሁለቱም ሥራ አገኙ» አለች። «ኩሊያም ኩሾቶም መንገድ ላይ ናቸው።»

አሁን በሯን የሚይዘው ተራ ድንጋይ ነው። ትንሽ ስለሆነ ማንንም አይመታም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ወደዚያ ሱቅ ስገባ እግሬን ከፍ አድርጌ ነው የምራመደው።